አልጋዬን የበሉት ግራፊክስ ካርዶች

ሽማግሌ ልኮ ልጅ የሚጠይቅ ወንድ ቢያንስ ቢያንስ አልጋ ሊኖረው ይገባል የምትሉ አንባቢዎች ካላችሁ፣ ከእናንተ ጋር አልከራከርም። እኔ ሽማግሌ በላክሁበት ሰሞን አልጋ አልነበረኝም። ማለቴ፣ ነበረኝ፤ በገዛ እጄ ተሸክሜ ብየዳ ቤት ወስጄ አስቆረጥኩት እንጂ። በዚህ ምክንያት እጮኛዬን ለሊሴን ላጣት ምን ያህል እንደ ቀረብኩ፣ ከዚያም በአንድ ቅዳሜ ከሰዓት ምን እንደ ደረሰልኝ ልንገራችሁ። ስትስቁ አይክፋችሁ፤ እኔም እየሳቅሁ ነው የምጽፈው።

ያኔ አምቦ፣ ከዋናው አስፋልት ገባ ብላ በምትገኝ ጠባብ ሱቅ ኮምፒውተር እጠግን፣ ፎቶ ኮፒ አነሳ፣ የተማሪ መመረቂያ ጽሑፍ እጠርዝ ነበር። ሰዉ «ተስፉ፣ ይቺን እያት እስቲ» እያለ የሞተ ላፕቶፕ ይዞ ይመጣል፣ እኔም አስነስቼ እሰጠዋለሁ። ጥሩ ሥራ ነበር፤ ችግሩ ጥሩ መሆኑን ከእኔ በቀር ሁሉም ያውቅ ነበር። አንድ ቀን ጌም የሚጫወትበትን ኮምፒውተር ሊያስጠግን የመጣ ደንበኛ ስለ ማይኒንግ ነገረኝ። «ካርዱ ይሠራል፣ አንተ ትተኛለህ» አለኝ። ከዚያች ቀን ጀምሮ እንቅልፍ የሚባል ነገር ዞር ብሎም አላየኝ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ ላስረዳ። ግራፊክስ ካርድ ማለት ኮምፒውተር ውስጥ ጌምና ቪዲዮ የሚያንቀሳቅሰው ክፍል ነው። ኢቴሪየም የሚባለው የኢንተርኔት ገንዘብ በዚያን ጊዜ ዝውውሩን የሚያረጋግጡለት ካርዶች ይፈልግ ነበር። ካርድህ ከባድ ስሌት ሲሠራለት ይውላል፣ ያድራል፤ እሱም ፍርፋሪ ይጥልልሃል። ካርዱ ሲሠራ በጣም ይግላል፤ እንዳይቃጠል ማራገቢያዎቹ ይጮኻሉ፤ መብራት ደግሞ እንደ ጉድ ይበላል። ይኼው ነው። በዚህ ላይ ምንም የተደበቀ ጥበብ የለም፤ እኔ ግን የተደበቀ ጥበብ ያገኘሁ መስሎኝ ለአንድ ወር አንገቴን ቀና አድርጌ ሄድኩ።

ሞተር ሳይክሌን ሸጬ ስድስት ካርድ ገዛሁ። አሁን ካርዶቹ ነፋስ እንዲያገኙ ተራርቀው የሚሰቀሉበት የብረት መደርደሪያ ቀረ። ፈረንጆቹ በቪዲዮ የሚያሳዩት የሚያብረቀርቅ ነገር ነው። እኔ ዘንድ የነበረው ብረት አልጋዬ ብቻ ነበር፤ ራስጌው ላይ ሁለት ቀይ ጽጌረዳ የተሳለበት፣ እናቴ ከቤት ስወጣ የሰጠችኝ አልጋ። በያጁ መቁረጫውን አስነስቶ እንደ ገና አጠፋውና «እርግጠኛ ነህ ግን?» አለኝ። «ቁረጠው! በሦስት ወር ውስጥ የሞዝቮልድን ውድ አልጋ እገዛለሁ» አልኩት። ቆረጠው። ጽጌረዳዎቹ ያሉበትን ብረት ግን ሳያጠፋ የመደርደሪያው ግንባር አደረገልኝ፣ የእናቴን ነገር ሳያስብ አልቀረም። እኔም ፍራሼን ሲሚንቶው ላይ ዘርግቼ፣ በስድስቱ ካርዶች ጩኸት ታጅቤ መተኛት ጀመርኩ።

አከራዬ እትዬ የሺ ይባላሉ። ሁለት ክፍል ነበር ያከራዩኝ፤ በውጪኛው እተኛለሁ፣ በውስጠኛው ማሽኑ ይጮኻል። እትዬ የሺ ማሽኑን «ወፍጮው» ነበር የሚሉት። ጠዋት ጠዋት በር ላይ ቆመው፣ «ተስፉ፣ ይሄ ወፍጮህ ሌት ተቀን ይፈጫል፤ ዱቄቱን የት ነው የምታደርገው?» ይሉኛል። ጎረቤት ሲጠይቃቸው ደግሞ «ተከራዬ ነፋስ ነው የሚፈጨው» ይላሉ። እኔ እስቃለሁ። ደግሞም ፍርፋሪው እየገባ ስለ ነበር መሳቅ አይከብደኝም ነበር፤ አልጋ የሚገዛ ባይሆንም።

ለሊሴ ከሱቄ ፊት ለፊት ባለው መድኃኒት ቤት ትሠራለች። መጀመሪያ የመታወቂያዋን ኮፒ እንዳነሳላት መጣች፤ ከዚያ የእህቷን፤ ከዚያ ኮፒ የሚፈልግ ነገር ሲያልቅባት ዝም ብላ መምጣት ጀመረች። የነገሩን ፍጻሜ ታውቁታላችሁ። ልንጋባ ስንወስን ስለ አባቷ አንድ ነገር ብቻ ነገረችኝ። «አባዬ ድህነት አያስፈራውም፣ ራሱም አይቶታል። ውሸት ግን ከሩቅ ይሸተዋል። አንዴ ከሸተተው አለቀ፤ እኔም ለምኜ አልመልሰውም» አለችኝ።

አባቷ ኦቦ ፈይሳ ጉደር ነው የሚኖሩት። ጉልበት በነበራቸው ጊዜ ከባኮ በቆሎ በመኪና እያመጡ ይሸጡ ነበር፤ በኋላ ግቢያቸውን በዶሮ ሞሉት። ሽማግሌ ላኩ ተባለ። እኔም ከሱቄ ጎን ጨርቃ ጨርቅ የሚሸጡትን ጋሽ ከድርን ለመንኳቸው። ጋሽ ከድር ከስልጤ መጥተው አምቦ ያረጁ ነጋዴ ናቸው፤ አማርኛውንም ኦሮምኛውንም እኩል ያሳምሩታል፣ ያስታረቁት ጎረቤት አይቆጠርም። አንዲት ጉድለት ብቻ አለችባቸው። ጨርቅ ሲሸጡ እንደሚያደርጉት፣ ሰው ሲያመሰግኑም ክንዱን ረዘም አድርገው ነው የሚለኩት።

ጋሽ ከድር ጉደር ሲደርሱ ኦቦ ፈይሳ «ልጁ ሥራው ምንድን ነው?» ብለው ጠየቁ። ጋሽ ከድር «ኮምፒውተር ይጠግናል» አሉ። ኦቦ ፈይሳ «እሺ» ብለው ዝም አሉ። ይቺ ዝምታ ጋሽ ከድርን አላስቻለቻቸውም። «ከዚያ ሌላ ደግሞ ቤቱ ውስጥ ፋብሪካ አለው!» ብለው አረፉት።

በእኛ ዘንድ የልጅቱ ወገን በመጀመሪያው ቀን እሺ አይልም፤ መክረን እንንገራችሁ ብሎ ሽማግሌዎቹን ለሌላ ቀን በራሱ ቤት ይቀጥራል። ኦቦ ፈይሳም ቀጠሩ። የቀጠሩት ግን በእኔ ቤት ነው። «ፋብሪካ ካለማ ልየው። ቅዳሜ እኔ ራሴ እመጣለሁ» አሉ።

ጋሽ ከድር ይህን ሲነግሩኝ ላብ አሰመጠኝ። «ጋሽ ከድር፣ ፋብሪካ?» አልኳቸው።

«ታዲያ አይጮህም? አይግልም? መብራት አይበላም?» አሉኝ። «ፋብሪካ ሌላ ምን ያደርጋል?»

እኔም ውስጥ ውስጡን ደስ አለኝ። መደርደሪያውን ወለወልኩ፣ ገመዶቹን አሰርኩ፣ ለኦቦ ፈይሳ የማሳየው የስልኬ መተግበሪያ ላይ ፍርፋሪዬ ስትጨምር የምታሳየዋን መስመር ደጋግሜ አየሁ። አዲሱ ዓመት ገና መግባቱ ነው፤ ግቢው በአደይ አበባ ደምቋል፤ እኔም ከአበባው የባሰ ደምቄያለሁ።

ሐሙስ ጠዋት መስመሯ ቀጥ አለች።

ስልኬ ላይ መልእክት እንደ በረዶ ይወርድ ጀመር። ኢቴሪየም አሠራሩን ቀየረ፤ ከዛሬ ጀምሮ ካርድ አያስፈልገውም፤ በመላው ዓለም ያሉት ካርዶች ሁሉ በአንድ ጠዋት ሥራ ፈቱ። እውነቱን ለመናገር ይህ እንደሚመጣ ለዓመታት ሲነገር ነበር። እኔ ግን ሁልጊዜ «ይላሉ እንጂ አያደርጉትም» ባይ ነበርኩ። አደረጉት! የዓለም ቀን ሞልቶ ተርፎ፣ ኦቦ ፈይሳ ፋብሪካዬን ሊጎበኙ በሚመጡበት ሳምንት አደረጉት።

ሱቄን ዘግቼ ወደ ቤት በረርኩ። ሌሎቹ እንደሚያደርጉት ካርዶቹን ወደ አንዲት ትንሽ ኮይን፣ ማለትም ወደ ሌላ የኢንተርኔት ገንዘብ አዞርኳቸው። ግን ዓለም በሙሉ ካርዱን ይዞ ወደነዚያ ጥቂት ትንንሽ ኮይኖች ግልብጥ ብሎ ስለ ሄደ፣ ለእኔ የምትደርሰኝ ነገር በዓይን አትታይም። ማሽኑ እንደ ድሮው ይጮኻል፣ እንደ ድሮው ይግላል፣ ምንም አያመጣም። የእትዬ የሺ ስድብ ቃል በቃል እውነት ሆነ፤ ነፋስ እየፈጨሁ ነው። ለምን መብራት ይበላል ብዬ ላጠፋው እጄን ወደ ማጥፊያው ስሰድ፣ ከኋላዬ ጩኸት ሰማሁ።

«እንዳትነካው!»

እትዬ የሺ ናቸው። በሩን በርግደው ገብተው እጄን ያዙኝ።

«እትዬ፣ ኮይኑ ሞቷል እኮ። ከእንግዲህ ምንም አይሠራም።»

«ይሙት! አንተ ምን አገባህ? ወፍጮው ይፍጭ።»

«ዓመት ሙሉ አጥፋልኝ፣ ጆሮዬን በጠሰው ሲሉኝ አልነበር?»

«ለመድኩታ!» አሉና ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ካልጮኸ እንቅልፍ አይወስደኝም። እስከ እሁድ ድረስ አታጥፋው፣ በሞቴ!»

አዘንኩላቸው። በዚያው ሰሞን የሚወዷት ዶሮ፣ ቀዮ የሚሏት፣ እንቁላል እንደ ታቀፈች ሸለምጥማጥ በልቷት አልቅሰዋል። ሐዘኑ አእምሯቸውን ነክቶት ይሆናል ብዬ ማሽኑን ተውኩት። ዓርብ ዕለት ግን ነገሩ ባሰ። ከሱቅ ስመለስ መደርደሪያው ሥር፣ ከገመዶቹ አጠገብ፣ ውኃ የሞላ ጎድጓዳ ሳህን ተቀምጦ አገኘሁ። ኤሌክትሪክ አጠገብ ውኃ! ቶሎ አውጥቼ ደፋሁት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ተመልሼ ባይ ሳህኑ እንደ ገና ሞልቶ እዚያው ቁጭ ብሏል። መብራት እንዲቀንስልኝ ብዬ የካርዶቹን ጉልበት ዝቅ ሳደርግ ደግሞ እትዬ የሺ በመስኮት ብቅ ብለው፣ «ዛሬ ምነው ቀዘቀዘ? መልሰው! ወደነበረበት መልሰው!» አሉኝ። መለስኩት። ምን ላድርግ? ሊያገባ የሚፈልግ ሰው ከአከራይ ጋር አይጣላም።

ለሊሴን መድኃኒት ቤቷ በር ላይ አገኘኋት። ሁሉንም ነገርኳት። ሰማችኝና «ነገ ታዲያ ለአባዬ ምን ልትለው ነው?» አለችኝ።

«ጋሽ ከድር ለነገ ብቻ ይሠራል በል ነው የሚሉኝ። ይጮኻል፣ መብራቱ ብልጭ ድርግም ይላል፤ ኦቦ ፈይሳ ምን ያውቃሉ አሉኝ።»

«አንተስ?»

«እኔማ አንቺን እንዳላጣሽ ነው የምፈልገው።»

ለሊሴ እጄን ጨብጣ «እኔም እንዳላጣህ ነው የምፈልገው። ስለዚህ አስብበት» አለችኝና ደንበኛ ስለመጣባት ገባች። ያን ቀን የጠረዝኩት መመረቂያ ጽሑፍ ሁሉ ገጹ ተገልብጦ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ኦቦ ፈይሳ መጡ። ቁመታቸው በሩን ሞላው። ባርኔጣ ደፍተዋል፣ ጋቢ በትከሻቸው ጣል አድርገዋል፣ በእጃቸው ከዘራ ይዘዋል። ጋሽ ከድር ነጭ ኮፊያቸውን አስተካክለው ከፊት ከፊት ይላሉ። እትዬ የሺ አላስቻላቸውም፣ ግቢውን የሚጠርጉ መስለው በሩን ይዞራሉ።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ! እንኳን ደህና መጡ፣ ይግቡ» አልኩ ጎንበስ ብዬ።

«ነጋ፣ ነጋ» አሉና ክፍሉን በዓይናቸው ዞሩት። ዓይናቸው ሲሚንቶው ላይ የተዘረጋው ፍራሼ ላይ ሲደርስ ቆመ። «ሲሬን ኤሳ ጅራ?» አሉኝ። አልጋህስ የት አለ ማለታቸው ነው።

ጋሽ ከድር ቀደሙኝ። «የዘመኑ ልጆች መሬት ላይ መተኛት ለወገብ ይጠቅማል ይላሉ!»

ወደ ውስጠኛው ክፍል ገባን። ሙቀቱ ፊታችንን ገረፈው፤ ጩኸቱ እርስ በርስ አያሰማም። ስድስቱ ካርዶች ተሰቅለው ቀይና ሰማያዊ መብራታቸው ብልጭ ድርግም ይላል። ኦቦ ፈይሳ ቀረብ አሉ። ካርዶቹን አላዩም። ጣታቸውን ዘርግተው ግንባሩ ላይ ያሉትን ሁለት ቀይ ጽጌረዳዎች ነኩ። ከዚያ ዞረው አዩኝ፤ እንደገና ጽጌረዳዎቹን፤ እንደገና እኔን።

«ኩን... ይሄ አልጋ ነበረ!» ብለው ጮኹ፣ በማራገቢያው ላይ እንዲሰማ።

«አዎ፣ አባባ።»

«አልጋህን ነው የቆረጥከው?»

«አዎ።»

«ለዚህ?»

«ለዚህ።»

ጋሽ ከድር ኮፊያቸውን አውልቀው ማራገብ ጀመሩ። ኦቦ ፈይሳ ከዘራቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ፊት ለፊቴ ቆሙ። «እሺ። አልጋውን የበላው ይህ ፋብሪካ ይሠራል ወይ? ያዋጣል? ልጄን ያኖራል?»

ጋሽ ከድር ከጀርባቸው ሆነው በዓይናቸው እየጠቀሱኝ ጭንቅላታቸውን ላይ ታች ይነቀንቁልኛል። በል፣ ይሠራል በል! እኔ ግን የለሊሴ እጅ ትናንት የጨበጠኝ ቦታ ትዝ አለኝ።

«ኦቦ ፈይሳ፣ ፋብሪካ አይደለም። ትንሽ ትንሽ ያስገኝልኝ ነበር፤ ከሐሙስ ወዲህ ግን ሞቷል። አሁን የሚጮኸው በባዶ ነው። አልጋዬን በከንቱ ነው የቆረጥኩት። ያለኝ ሥራ ጥገናዬ ብቻ ነው።»

በኦቦ ፈይሳ ፊት ላይ ምንም አይነበብም። ጋሽ ከድር ግድግዳውን ተደግፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። አለቀ፣ ለሊሴ ሄደች ብዬ አሰብኩ። ኦቦ ፈይሳ ሊናገሩ አፋቸውን ሲከፍቱ መብራት ሄደ።

የአምቦ ሰው መብራት ሲሄድ አይደነግጥም። ያን ጊዜ ግን ዓመት ሙሉ የለመድነው ጩኸት በአንዴ ቀጥ ሲል፣ ቤቱ ውስጥ የወደቀው ጸጥታ ጆሮ ያማል። ማንም አልተንቀሳቀሰም። በዚያ ጸጥታ መሃል፣ ከመደርደሪያው ጀርባ፣ አንዲት ቀጭን ድምፅ ተሰማች።

ጭው።

ጋሽ ከድር ዓይናቸውን ገለጡ። «ማሽኑ ነው?» አሉ።

ጭው። ጭው ጭው።

«ጨሊሳ!» አሉ ኦቦ ፈይሳ ጣታቸውን ወደ ላይ አንሥተው፤ ዝም በሉ ማለታቸው ነው። ጭንቅላታቸውን ዘንበል አድርገው አዳመጡና ፊታቸው እንደ ልጅ በራ። «ጩጪ! ይሄ ጫጩት ነው!»

ይህን ጊዜ እትዬ የሺ መጥረጊያቸውን ጥለው እየጮኹ ገቡ። «መብራት ጠፋ! ልጆቼ በብርድ አለቁ! ቀዮዬ!» በእኔና በጋሽ ከድር መሃል ሰንጥቀው አልፈው መደርደሪያው ሥር ተንበረከኩ። ከጀርባው የካርዱን ባዶ ካርቶን ጎትተው አወጡ። ባዶ ነው ብዬ ከገዛሁበት ቀን ጀምሮ እዚያ የተውኩት ካርቶን ነው። ላዩ ላይ እሳት የሚተፋ ካርድ ተስሎበታል፤ ውስጡ ጭድ ተጎዝጉዞ፣ ጭዱ ላይ እንቁላሎች ተኮልኩለው፣ በመሃላቸው ሁለት እርጥብ ጫጩቶች ይንገዳገዳሉ። ሦስተኛይቱ ቅርፊቷን ከውስጥ እየመታች ነው።

«እትዬ!» አልኩ።

«ቀዮ ልትፈለፍል ጥቂት ቀን ሲቀራት ሸለምጥማጥ በላብኝ!» አሉ እንባና ሳቅ እየተናነቃቸው። «እንቁላሎቹን የት ልውሰዳቸው? በዚህ ግቢ ከወፍጮህ ኋላ በቀር የሚሞቅ ቦታ የለም። አንተ ሱቅ ስትሄድ እየገባሁ አገላብጣቸዋለሁ፣ እንዳይደርቁ ውኃ አስቀምጥላቸዋለሁ፣ አንተ ትደፋብኛለህ!»

«ለምን አልነገሩኝም?»

«ዓመት ሙሉ ስሰድበው ኖሬ በምን አፌ ልለምንህ?»

ኦቦ ፈይሳ ከዘራቸውን ጣሉት። አዎ፣ ያ ግርማ ሞገስ ያለው ሰውዬ ከዘራውን ወዲያ ወርውሮ ሲሚንቶው ላይ በጉልበቱ ወረደ። «እርጥብ ናቸው፤ ብርድ ከገባቸው አይተርፉም። ጋቢዬን ያዝ! አንተ፣ ኮፊያህን አምጣ!» አሉ። ጋሽ ከድር ሳይጠይቁ ኮፊያቸውን ሰጡ። የተፈለፈሉት ጫጩቶች በኮፊያው ገቡ፤ ኮፊያው ጋሽ ከድር ብብት ሥር ገባ። እንቁላሎቹ በኦቦ ፈይሳ ባርኔጣ ውስጥ ሆነው በጋቢው ተጠቀለሉና እኔ ደረቴ ላይ ታቀፍኳቸው። «አትንቀሳቀስ፤ አንተ አሁን ዶሮ ነህ» አሉኝ ኦቦ ፈይሳ። ሽማግሌ የላክሁ ሰው ዶሮ ሆኜ ሲሚንቶ ላይ ቁጭ አልኩ።

ጋሽ ከድር ጫጩቶቹ በብብታቸው ሲፍጨረጨሩ ይኮረኩራቸዋል መሰለኝ፣ «ያ አላህ! ያ አላህ!» እያሉ ይፍለቀለቃሉ። እትዬ የሺ ይስቃሉ። መጀመሪያ እኔ አልሳቅሁም፣ ፈርቼ ነበር። ደረቴ ላይ አንዷ ቅርፊት ስትሰነጠቅ ግን፣ ያቺ ትንሽ ምት በጋቢው አልፋ ሸሚዜን ስታንኳኳኝ፣ ሳቄ አመለጠኝ፤ ማቆምም አቃተኝ። ኦቦ ፈይሳ ቀና ብለው አዩኝና እሳቸውም ትከሻቸው እስኪንቀጠቀጥ ሳቁ። ማን ማንን ሊመርቅ፣ ማን ማንን ሊመረምር እንደ መጣ ተረሳ።

መብራት ሲመጣ አራታችንም አንድ ላይ ጮኽን።

«አስነሣው! አስነሣው!» አሉ ኦቦ ፈይሳ ወደ ማሽኑ እየጠቆሙ። «ጉልበቱ ስንት ነው? ሁሉንም ስጠው!»

ስድስቱን ካርዶች ባላቸው ጉልበት ለቀቅኋቸው። የትኛውን ኮይን እንደሚቆፍሩ እንኳ አላየሁም። ካርቶኑን መልሰን ከኋላቸው አስጠጋን፤ ኦቦ ፈይሳ መዳፋቸውን ዘርግተው ሙቀቱን እየለኩ «ትንሽ ወዲያ፣ እንዲያ፣ በቃ» አሉ። ከዚያ ፍራሼ ላይ ተቀምጠን ጠበቅን። ፀሐይ ዘቅዘቅ እስክትል አንዱ ከአንዱ ቀጥሎ ወጡ። አንዲት እንቁላል ብቻ ዝም ብላ ቀረች፤ ሌሎቹ ሁሉ ካርቶኑን ሞልተው ይንጫጫሉ።

ኦቦ ፈይሳ ባርኔጣቸውን ከጭድ አራግፈው ደፉ። ከዘራቸውን አነሡ። ጋሽ ከድርም ሽማግሌነታቸው ትዝ ብሏቸው ኮፊያቸውን ደፉ፤ የዶሮ ነገር እንደ ነካው አላስተዋሉም። እኔ ተነሥቼ ቆምኩ። ልቤ ከማራገቢያው በላይ ይጮኻል።

«ፋብሪካህ ሞቷል፣ አልጋህ ተቆርጧል፣ ከቤትህ ምን እንዳለ አታውቅም» አሉኝ ኦቦ ፈይሳ። «ሞተ ብለህ ግን ነገርከኝ። ይህን እንዳትነግረኝ ይህ ሰውዬ ከኋላዬ ጭንቅላቱን ሲነቀንቅልህ ጥላውን ግድግዳ ላይ አይቼዋለሁ።» ጋሽ ከድር ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ሳታውቅ ይህን ሁሉ ጫጩት ያስፈለፈልክ ልጅ፣ አውቀህ ብትሠራ ምን ልታደርግ ነው? ልጄን እሰጥሃለሁ። መሬት ላይ ግን አላስተኛትም። መጀመሪያ አልጋ!»

ለሊሴ ጋ ደውዬ ስልኩን ካርቶኑ አጠገብ ያዝኩት። «ምንድን ነው ይሄ ጩኸት?» አለች። «የጫጩት ነው፤ አባትሽ እሺ አሉን!» አልኳት። ምን እንደ ተባለ ሳይገባት ሳቀች፤ ከገባት በኋላ ደግሞ አለቀሰች፤ ከዚያ «ጫጩት? ለምን ጫጩት?» እያለች እንደገና ሳቀች።

ካርዶቹን አንድ በአንድ ሸጥኳቸው። አንዱን የሕንፃ ንድፍ የሚማር ልጅ ወሰደው። አንዱ ደግሞ ሠርጋችንን የቀረፀው ቪዲዮ አንሺ ኮምፒውተር ውስጥ ገባ፤ ሰውየው ክፍያውን በካርድ ተቀበለኝ። ከቀሪዎቹ አልጋ ገዛሁ። መደርደሪያው ላይ የነበሩትን ትርፍ ማራገቢያዎችና የኃይል ሳጥኑን ግን አልሸጥኩም። ኦቦ ፈይሳ እየመሩኝ፣ ሙቀቱ ልክ ሲደርስ ራሱን የሚያጠፋ አምፖል ጨምሬ፣ ከቁም ሣጥን እንጨት የእንቁላል ማስፈልፈያ ሳጥን ሠራሁ። የመጀመሪያው እትዬ የሺ ቤት ነው ያለው። ቀጥሎ ጉደር፣ ቀጥሎ ባኮ፤ ባለፈው ደግሞ አንዱን በአይሱዙ ጭኜ ወደ ካቺሲ ልኬአለሁ። ኮምፒውተርም አሁንም እጠግናለሁ፤ ጥሩ ሥራ መሆኑንም አውቄዋለሁ።

እናንተ ግን የምትፈልጉት ሌላ ነገር እንደ ሆነ ይገባኛል። እስካሁን ወጣቶች ሱቄ ድረስ እየመጡ፣ «ጋሼ፣ በግራፊክስ ካርድ ማይኒንግ አሁንም ያዋጣል?» ይሉኛል። እኔም እነግራቸዋለሁ። ካርድ የሚቀበሉ ትንንሽ ኮይኖች ዛሬም አሉ፤ የሚጥሉት ፍርፋሪ ግን መብራቱንና የካርዱን ድካም አይመልስም። ካርዱ አስቀድሞ ቤትህ ካለና መማር ከፈለግክ ሞክረው፣ ደስ ይላል፤ ልትበላበት ከሆነ ግን ተወው። ቤትህን ያሞቅልሃል፤ ይህን በሙሉ አፌ እመሰክራለሁ። አንዳንዱ ይሰማኛል። ዓይኑ የሚያበራውን፣ ያን የኔን የድሮ ብርሃን የማይበትን ልጅ ግን አልከራከረውም። ጉደር ኦቦ ፈይሳ ዘንድ እልከዋለሁ።

ኦቦ ፈይሳ ስለ ኮይን አንድም ነገር አያውቁም። ለሁሉም የሚያቀርቡት አንድ ጥያቄ ነው። «የምትተኛው ምን ላይ ነው?» ይላሉ። «አልጋ ላይ» ያለውን «እንግዲያው ገና ነህ፣ ዛሬውኑ ተመለስ» ብለው ይሸኙታል።

ባለፈው ሳምንት አንድ ልጅ ልኬላቸው ነበር። ብዙም ሳይቆይ ስልኬ ጮኸ። ከጀርባቸው የጫጩት ጫጫታ ይሰማል፤ እሳቸውም ሳቃቸውን መግታት አቅቷቸዋል።

«ተስፉ!» አሉኝ። «ወንድምህ መጥቷል። ሲሚንቶ ላይ ነው የምተኛው ይላል። አልጋ ይዘህ ና!»